«ሩጫ ነው አልኩህ!»

መጀመሪያ የሰማሁት ጩኸቱን ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2023፣ ሰኞ ማታ። (ቀኖቹን በፈረንጅ የምጽፈው ጨዋታው የእነሱ ስለሆነ ነው።) ፒትስበርግ ውስጥ፣ ስቲለርስ ከሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ስታዲየም ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ በር ላይ፣ ለአንድ ሰው ተሠርታ ሁለት ሰው የሚያመሽባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መኪናው ሁሉ ገብቶ አልቋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ የሚወጣ የለም። ነፋሱ ከስታዲየሙ በኩል ድምፅ ይዞ መጣ። ከፍ ዝቅ ይላል። «ፋየር ካናዳ! ፋየር ካናዳ!»

ያኔ በማውቀው እንግሊዝኛ ፋየር እሳት ነው። ካናዳ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ያለችበት አገር። እንዴ፣ ካናዳ ምን አጠፋች? ጦርነት ተነስቶ እንደሆነ ብዬ ስልኬን ሳወጣ አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ አዩኝ።

እኚህን ሰው ጋሼ ነው የምላቸው። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፤ አባታቸው ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ቴሪብል ታወል የሚሏትን ቢጫ ፎጣ፣ ከ1975 ጀምሮ የስቲለርስ ደጋፊ ሁሉ የሚያውለበልባትን፣ ብርድ ሆነ ሙቀት አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ነው ሥራ የሚገቡት። ጋሼ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ በስማቸው ብጠራቸው አይዞሩም። እንግሊዝኛው አንተንም እርስዎንም በአንድ ቃል ይጨርሰዋል እንጂ፣ እኔ በሆዴ እርስዎ እያልኩ ነው የማወራቸው።

«አገሩን መስሎህ ነው?» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ለካ ካናዳ ሰው ነው። ማት ካናዳ፣ የስቲለርስ ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር። ፋየር ማለትም ይባረር ማለት ነው። ሥራ እንዳላጣ በየቀኑ እየሰጋሁ ይህን ትርጉሙን አለማወቄ እኔንም አሳቀኝ።

«በጣም ተሸንፈው ነው?»

«ኧረ ገና ነው። ሊያሸንፉም ይችላሉ።»

አሸነፉም። 26 ለ 22፣ ክሊቭላንድን። ግን ከሦስቱ ታችዳውን (ኳሱን ሜዳው ጫፍ ድረስ ይዞ መግባት ነው፣ ትልቁ ነጥብ) ሁለቱን ያስቆጠሩት ተከላካዮቹ ናቸው። የማጥቃት ሥራ የተሰጣቸው ሰዎች ሜዳው መሃል ሲንገታገቱ አመሹ። ማታ መኪናቸውን ሊያወጡ የመጡት ሰዎች ፊት የአሸናፊ ፊት አልነበረም። አንዱማ ትኬቱን ሲሰጠኝ፣ ሳልጠይቀው፣ «ሰውዬው ምን ሊጠራ እንደሆነ እናቴም ታውቃለች» ብሎኝ ሄደ።

ለማያውቅ ሰው ቶሎ ብዬ ላስረዳ። በአሜሪካ ፉትቦል አሥር ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ለመሄድ አራት ሙከራ አለህ። በየሙከራው መሃል ሁሉም ይቆማል። ያኔ አንድ ሰው ከወረቀቱ ላይ አንድ እንቅስቃሴ መርጦ ይጠራል። ይህ ይሮጣል፣ ያ ይከላከላል፣ ኳሱ ወደዚያ ይወረወራል። የሚጠራው ድምፅ በኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን በሚወረውረው ሰው፣ የራስ ቁር ውስጥ ባለች ሬዲዮ ይገባል፤ ሙከራውን ለመጀመር ከተሰጠው ሰዓት ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር መስመሩ ይቋረጣል። በብዙ ቡድን ይህን ጥሪ የሚጠራው ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር ነው። የማጥቃቱ አለቃ በሉት። በእኛ ኳስ እንዲህ ያለ ሰው የለም። በእኛ አሰልጣኙ ከመስመር ዳር ይጮኻል፣ ተጫዋቹ አልሰማሁም ይላል፣ ኳሷ ደግሞ በራሷ መንገድ ትሄዳለች። እዚህ ግን በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ የሚወቀስ ሰው አለ። ለደጋፊ ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ይመጣል?

ነገሩ የገባኝም በዚህ በኩል ነው። ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ስታዲየም ይወስደኝ ነበር። ካታንጋ ነው የምንቀመጠው። ከኋላችን ያለው ሰውዬ፣ ሁሌ አንድ ሰውዬ አለ፣ አሰልጣኙ ማንን ሊያስወጣ እንደሆነ ቀድሞ ይናገራል። «አሁን ሰባት ቁጥርን ያስወጣዋል፣ ታያለህ።» ያስወጣዋል። «አላልኩም?» ደስታው ቡድኑ ጎል ካገባበት ደስታ አይተናነስም። ቡድኑ እየተሸነፈ ሰውዬው እያሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጋሼ ያን ሰውዬ ናቸው። እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ቢጫ ፎጣ ይዘዋል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ያን ዓመት ስቲለርስ ጉድ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ስድስቱን አሸንፎ፣ በዘጠኙም ተጋጣሚው በያርድ በልጦታል። ዘጠኙንም! መኪናው እየተገፋ ደረሰ እንደማለት ነው። ካናዳ ጥሪውን ከላይ ከመስታወት ክፍል ሆኖ ሲጠራ ቆይቶ ኖቬምበር ላይ ወደ ሜዳው ዳር ወረደ። ጋሼ እንደዚህ ዓይነቱን ነገር አይንቁም። «ከታች ሆኖ የተጫዋቹን ዓይን ያያል» አሉ በተስፋ። እኔ በሆዴ፣ ችግሩ ወረቀቱ ላይ ከሆነ ወረቀቱም አብሮት ወርዷል አልኩ።

ሰውዬው ግን ከመሬት የበቀለ አይደለም። በ2016 እዚሁ ከተማ፣ የፒት ዩኒቨርሲቲ ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር ሆኖ ክሌምሰንን 43 ለ 42 አሸንፏል፤ ያ ክሌምሰን በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው ነው። ያኔ ሰዉ አጨበጨበለት። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አንዱን ተጫዋች ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል፣ ተከላካዩ ዓይኑ ይከተለዋል፣ ኳሱ በሌላ በኩል ይሄዳል። የተማሪ ቡድን ላይ ይህ አስማት ነው። ሥራቸው ይህን ማየት ብቻ የሆኑ ትልልቅ ሰዎች ፊት ግን፣ ያ የሚሮጠው ሰውዬ ኳሱን ካልተቀበለና ካላስፈራ፣ ዝም ብሎ የሚሮጥ ሰውዬ ነው። አራዶቹ እንደሚሉት ተነቅቶበታል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከጋሼ ጋር ውድድር ያዝን። ቡድኑ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ሕንጻው ባዶ ስለሆነ፣ ስልኬን የፕላስተር ማሽኑ ላይ አስደግፌ እናያለን። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ሁለታችንም እንገምታለን፤ ሩጫ ወይስ ውርወራ? እኔ የተበላሸ ትኬት ጀርባ ላይ «ሩ» እና «ው» እያልኩ እጽፋለሁ፣ ያገኘ ሰው ምልክት ይደረግለታል። የተሸነፈ ቡና ይገዛል።

ጋሼ አይሳሳቱም። ምን አለፋችሁ፣ ነቢይ ሆኑብኝ። «ሩጫ ነው። በግራ በኩል» ይላሉ። ሩጫ ነው። በግራ በኩል። «አሁን አጭር ውርወራ፣ ከዚያች ከነጯ መስመር አታልፍም።» አታልፍም። «ሩጫ ነው አልኩህ!» ብለው ጠረጴዛውን ሲመቱት ስልኩ ከፕላስተር ማሽኑ ላይ ይወድቃል። እኔም አመንኩ። አንድ ሽማግሌ የመኪና ጠባቂ እንዲህ ካወቀ፣ በሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ተከላካይ እንዴት አያውቅ! አገር ቤት ለወንድሜ ደውዬ ሁሉ ነግሬዋለሁ። «ሰውዬው ይባረር» አለ ወንድሜ፣ ጨዋታውን አንድም ቀን ሳያይ።

ቡና ስገዛ ከረምኩ።

ኖቬምበር 19 ክሊቭላንድ ሄደው 13 ለ 10 ተሸነፉ። ኳርተርባኩ ኬኒ ፒኬት ቀኑን ሙሉ ወርውሮ ያገኘው 106 ያርድ ነው። ያን ቀን ጋሼ ድምፃቸው ጠፋ። ማክሰኞ፣ 21፣ ካናዳ ተባረረ።

ይህ ለዚህ ክለብ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1969 ጀምሮ እስከዚያ ቀን ዋና አሰልጣኝ የሆኑለት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቸክ ኖል፣ ቢል ካወር፣ ማይክ ቶምሊን። በውድድር ዘመን መሃል እንዲህ ያለ የአሰልጣኝ ለውጥ ሲያደርጉ ከ1941 ወዲህ የመጀመሪያው ነው ተባለ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ያን ሳምንት ትኬት የሰጠኝ ሰው ሁሉ ምሳር ይዞ ነው የመጣው። ጋሼ ለሁለታችን ዶናት ገዙ። በእሳቸው ገንዘብ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼባቸው አላውቅም ነበር።

ቀጣዩ እሑድ ሲንሲናቲ ላይ ነው። ማጥቃቱን ኤዲ ፎክነር ይመራል፣ ጥሪውን የኳርተርባኮቹ አሰልጣኝ ማይክ ሱሊቫን ይጠራል ተባለ። ጋሼ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድመው መጡ። ፎጣዋ ታጥባለች።

እሷን ቀን አልረሳትም። 421 ያርድ! ካናዳ በጠራባቸው ዓመታት በሙሉ አንድም ጊዜ 400 ደርሰው አያውቁም፤ እሱ በሄደ በአምስተኛው ቀን 421። ፓት ፍራየርሙዝ የሚባል ግዙፍ ሰው አለ፣ ለሳምንታት የት እንዳለ የጠፋ፣ ያን ቀን ዘጠኝ ኳስ ይዞ 120 ያርድ ሄደ። ብዙውም ከሜዳው መሃል ነው። ፒኬት ለካ መሃሉን ያያል! እስከዚያ ቀን ኳሱ የሚሄደው ወይ ወደ ዳር ነው ወይ ወደ መሬት፤ መሃሉ ፈንጂ የተቀበረበት ይመስል ማንም አይደርስበትም። ጋሼ ፎጣዋን እያሽከረከሩ የክፍሏን አምፖል ሊሰብሩት ነበር።

ግን ውጤቱ 16 ለ 10 ነው። አራት መቶ ሃያ አንድ ያርድ ሄደህ አሥራ ስድስት ነጥብ። አንድ ታችዳውን እና ሦስት ምት፣ ምቱ ሦስት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ይህን ያን ቀን ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም፣ ዶናቱን እየበላሁ።

ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ።

አንደኛው ትኬቱ ነው። የገመትኩትን ስቆጥር እንደ ወትሮው ነው። ከግማሽ በላይ አግኝቻለሁ፣ ያውም ቡድኑ ባማረበት ቀን! ሩጫ ሲሆን ሩጫ ብያለሁ፣ ውርወራ ሲሆን ውርወራ ብያለሁ። ታዲያ ተነቅቶበታል የምንለው ነገር ምንድን ነው? በአንደኛው ሙከራ ሮጠህ አንድ ያርድ ካገኘህ፣ በሁለተኛውም ከተያዝክ፣ በሦስተኛው ስምንት ያርድ ሲቀርህ መወርወርህን የሚያውቀው እናትህም፣ እናቴም፣ የአክስቴም ልጅ ናት። ያን ጊዜ ወረቀት የያዘው ሰውዬ ምንም አማራጭ የለው። የሚታወቅብህ ስለምትወድቅ ነው። እኛ ደግሞ የምንወድቀው ስለታወቀብን ነው ብለን እንጮኻለን። የትኛው የትኛውን እንደወለደው ተለይቶ አይታወቅም።

መርካቶ ሦስት ካርታ እያገላበጡ ቀይዋ የቷ ናት የሚሉ ልጆች ታውቃላችሁ? ካርታው ሦስት ብቻ ነው። አምስት ስድስት አይደለም። ገንዘባችሁን የሚበላው ካርታው ስለበዛ ሳይሆን የሦስቱም ጀርባ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ጥሩ ጥሪ ጠሪም እንዲሁ ይመስለኛል። ሩጫውና ውርወራው ሲነሱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መስመሩ በአንድ መንገድ ይነሳል፣ ኳሱ ለሯጩ የተሰጠ ይመስላል፣ ተከላካዩ አንዲት እርምጃ ወደፊት ይራመዳል፤ በቃ፣ ከጀርባው ያለው ቦታ ክፍት ነው። የካናዳ ካርታ ብዛት አላነሰውም፣ እንዲያውም በዝቶ ነበር። ጀርባው ነው የተለያየው።

ሁለተኛው ነገር ጋሼ ናቸው።

ሲንሲናቲ ላይም አልተሳሳቱም። አዲስ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ የጠራውን ሁሉ አወቁ! ሰውዬው ራሱ ሊጠራ መሆኑን ካወቀ ሳምንት አልሞላውም። ይህ እንኳን ለፒትስበርግ ሽማግሌ ለደብተራም ይከብዳል። በሦስተኛው ሩብ ላይ፣ ኩባያቸውን ሊያነሱ ሲዞሩ፣ ከፎጣዋ ሥር ቀጭን ገመድ አየሁ። ከሸሚዝ ኪስ ተነስታ ጆሮ ትገባለች።

ሬዲዮ!

የስልኩ ምስል ከሬዲዮው ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ሰውዬው ጨዋታውን ሰምተው ጨርሰው ነው ትንቢት የሚናገሩልኝ። ስንት ቡና!

«ጋሼ!» አልኳቸው። ገመዱን እንደያዝኩ። ፊታቸው ላይ ቅንጣት ሐፍረት የለም።

«ያለ ሬዲዮውም አውቀው ነበር» አሉኝ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ቀን አሰብኳት። ውሸት አይደለችም እኮ። ከልባቸው ያምኑታል። ካታንጋ የነበረው ያ ሰውዬም ከልቡ ያምን ነበር። ሰባት ቁጥርን ያስወጣዋል ብሎ ያላስወጣበትን ቀን ማን ይቆጥርበታል? ሩጫ ይሆናል ብለን ውርወራ ሲሆን፣ ኳሱም ሲያዝ፣ ስለምንጨፍር ግምታችን ይረሳል። ሩጫ ብለን ሩጫ ሆኖ ሯጩ ከተደፈጠጠ ግን ያ ለሳምንት ይበቃናል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ሳይከፈት ተወዳደርን። የእሳቸው ምልክት ከእኔ በሁለትና በሦስት ቢበልጥ ነው። ቡናው ግን አልተመለሰልኝም።

ከዚያ የሆነውን ቶሎ ልበላችሁ፣ ማስታወሱም ደስ አይልም። ዲሴምበር 3 አሪዞና መጣ፤ ከአሥራ ሁለት ጨዋታ ሁለት ብቻ ያሸነፈ ቡድን። እዚሁ ሜዳችን ላይ፣ በዝናብና በመብረቅ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ፣ 24 ለ 10 ተሸነፍን። (ተሸነፍን አልኩ። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም።) ፒኬት ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። በአራተኛው ቀን ኒው ኢንግላንድ መጣ፣ እሱም ከአሥራ ሁለት ሁለት ያሸነፈ። 21 ለ 18። መኪናቸውን ሊያወጡ የሚመጡት ሰዎች ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ አንዱም ቀና ብሎ አያየኝም። የሚጮኹበትም ስም ጠፋ። ካናዳ ሄዷል። «ፋየር» ብለው ማንን ይጨምሩበት?

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ነገሩን ጭራሽ አወሳሰበው። ዲሴምበር 23 ሦስተኛ ኳርተርባክ የነበረው፣ ደጋፊው የረሳው ሜሰን ሩዶልፍ ገባ። ሲንሲናቲን 34 ለ 11። ጆርጅ ፒከንስ ብቻውን 195 ያርድ። ሲያትልን 30 ለ 23። ባልቲሞርን 17 ለ 10። ጥሪ የሚጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው! ወረቀቱም ያው ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው ኳሱን የሚወረውረው እጅ ነው። ረጅም ወርውር ሲባል ረጅም የሚወረውር እጅ።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም አሉ። ፒኬትን መውቀስ አይፈልጉም። ልጁ እዚሁ ፒት ነው የተማረው፣ ተማሪ ሆኖም የተጫወተው በዚሁ ስታዲየም ነው፣ በ2022 የመጀመሪያው ዙር ምርጫቸው አድርገው ሲወስዱት ከተማው በሙሉ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ሆኖ ነበር። የራስህን ልጅ «አልቻልክም» ከማለት «አስተማሪው ነው የበደለው» ማለት ይቀላል። እኛስ ሰፈር ልጅ ሲወድቅ የሚባለው ምንድን ነው? መምህሩ ጠምዶት ነው። የኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል አንዳንዴ፤ ከተማው ልጁን ሳይጠላ የሚናደድበት ሰው መሆን። ለዚህም ጭምር ነው የሚከፈለው።

ፒኬትን ማርች 2024 ላይ ለፊላደልፊያ አሳልፈው ሰጡት። ጋሼ ያን ቀን ስለ አየር ጸባይ ብቻ ነው ያወሩት።

ስቲለርስ አሥር አሸንፎ ሰባት ተሸንፎ ፕሌይኦፍ፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ዙር፣ ገባ፤ ጃንዋሪ 15 በቡፋሎ 31 ለ 17 ተሸንፎ ወጣ። ጨዋታው እሑድ ነበር የታሰበው፣ በረዶው ወደ ሰኞ ገፋው። ከዚያ አዲሱ ኦፌንሲቭ ኮርዲኔተር መጣ። አርተር ስሚዝ።

ስለ ስሚዝ ያነበብኩትን ሁሉ ጋሼ ቀድመውኝ ያውቃሉ። ቴነሲ በነበረ ጊዜ፣ በ2020፣ ዴሪክ ሄንሪ 2,027 ያርድ ሮጦለታል። ሩጫና ውርወራው ሲነሱ የማይለዩበት ቡድን ነበር፤ የካርታውን ጀርባ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ከዚያ አትላንታ ላይ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ሦስት ዓመት፣ ሦስቱንም ዓመት ሰባት አሸንፎ አሥር ተሸነፈ፣ ተባረረ። አትላንታ ውስጥ አንድ ዘመድ አለኝ፣ ታክሲ የሚነዳ። ደወልኩለት። «ስሚዝ እናንተ ጋ መጣ?» አለና ሳቀ። «አንጀቱን ያሳረረው ሰው ብዛት! ቢጃን ሮቢንሰንን የመሰለ ሯጭ ይዞ ኳሱን ለሌላ ይሰጣል እያሉ ተሳፋሪዎቼ ሲራገሙ ነው የምውለው። በሉ ይመቻችሁ።»

ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ምን አደርጋለሁ? የአንዱ ከተማ ግልግል የሌላው ምርቃት ሲሆን እያየሁ ምን ልበል? ደግሞ ሰውዬው ፎጣዋን አጥበዋል።

ክረምቱ አለፈ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ሆነ። የት? አትላንታ። ስሚዝን ያባረረው ቡድን ቤት! በእኛ ጳጉሜ 3 ነው፣ ሩፋኤል፤ ጠዋት እናቴ ደውላ «ዝናቡ ዘንቦብሃል?» ስትለኝ እዚህ ፀሐይ ነው ብያት በጣም አዝናለች። ዘመን ሊለወጥ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሕንጻው ባዶ ነው። ስልኩ ፕላስተር ማሽኑ ላይ። ጋሼ ሬዲዮዋን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ገመዷን ጠቅልለው፣ እንዳያት ብለው ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ትኬት አወጣሁ። አዲስ ትኬት፣ ያልተበላሸ፣ አለቃዬ እንዳያየኝ እንጂ።

«በል ጻፍ» አሉ። «ዘንድሮ ይለያል።»

ጃስቲን ፊልድስ ነው ኳርተርባኩ፣ ራስል ዊልሰን ባቱን ስለታመመ። ኳሱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ክሪስ ቦስዌል ይገባና ይመታል። ሦስት ነጥብ። ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል፣ ቦስዌል። ስድስት። የቡድኑ ፐንተር፣ ማጥቃቱ ሲያቅታቸው ኳሱን በእግሩ አርቆ የሚጠልዘው ሰው፣ ስለተጎዳ ሰውዬው እሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ እኔ እንኳ በሁለት ፈረቃ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም። ከምሳ በኋላ አንድ ሰው መኪናውን ሊያወጣ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ።

«ስንት ለስንት ነው?»

«እየመራን ነው» አሉ ጋሼ።

«ታችዳውኑን ማን አገባ?»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ትኬቱ አየሁ። ሰውዬው ሂሳቡን ከፍሎ፣ የሁለታችንንም ፊት አይቶ፣ ምንም ሳይል መስታወቱን ዘጋ።

አለቀ። 18 ለ 10። ስድስት ምት፣ ታችዳውን የለም። አሸንፈናል። ምልክቶቹን ቆጠርኩ፣ ጋሼ በሁለት በለጡኝ። ቡና ልገዛ ስነሳ ሬዲዮዋን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ አየኋቸው። «ሁለተኛው ሙከራ ላይ ያቺን ሩጫ አይተሃታል?» አሉኝ። «ገና ሳይነሳ ነው ያወቅኋት።»

«ስኳር ስንት ላድርግልዎ?» አልኳቸው።